ርካሽ የውጭ ማውረጃ ገጽ፣ ፍላሽ ቤት፣ ቴሌግራም ወይስ ሕጋዊ መተግበሪያ? ለጅማ አድማጭ የምርጫ መመሪያ

ጅማ ውስጥ ዘፈን ወደ ስልክ የሚገባባቸው በሮች ብዙ ናቸው። መርካቶ ወይም ፈረንጅ አራዳ ካሉት ሱቆች ለአንዱ፣ ፍላሽ ቤት ለምንለው፣ ሚሞሪ ሰጥቶ ማስጫን አለ። የቴሌግራም ቻናልና ቦት አለ። የዩቲዩብን ቪዲዮ ወደ ኤምፒ3 የሚለውጡ ገጾች አሉ። በብር የሚከፈልባቸው የአገር ውስጥ መተግበሪያዎች፣ በዶላር የሚሸጡ የታወቁ የውጭ መደብሮችም አሉ። ሰው ይበልጥ የሚታለለው ግን በአንዱ ነው፤ መደብር መስለው አንድ ዘፈን በ10 ወይም በ15 የአሜሪካ ሳንቲም በሚሸጡ የውጭ ገጾች። ካርድ ይቀበላሉ፣ ደረሰኝ በኢሜይል ይልካሉ፣ የአልበሙን ሽፋን በሚገባ ያሳያሉ። ገዢውም ከፍሎ ስለወሰደ ልቡ ያርፋል። ገንዘቡ ግን ከዘፋኙም ከደራሲውም እጅ አይገባም።

እዚህ የምናነጻጽረው በዋጋ ብቻ አይደለም። ገንዘቡ ማን ጋ እንደሚደርስ፣ ሕጉ ምን እንደሚል፣ ካርድዎና ስልክዎ ምን እንደሚገጥማቸው፣ የሚያገኙት ፋይልም ምን ያህል ጥራት እንዳለው አብረን እናያለን።

ዋጋው ራሱ ምን ይናገራል

የአፕል የሙዚቃ መደብር እ.ኤ.አ. በ2003 ሲከፈት አንድ ዘፈን 99 ሳንቲም ነበር። ከዚያ ውስጥ 70 ሳንቲም ገደማ ለሙዚቃው ባለቤቶች ይሄድ ነበር። በአሜሪካ ሕግ ደግሞ ዘፈን በተሸጠ ቁጥር ለዜማና ግጥም ደራሲው ወገን ብቻ የሚከፈል የተወሰነ ክፍያ አለ። እ.ኤ.አ. ከ2006 እስከ 2022 ድረስ 9.1 ሳንቲም ነበር፤ በ2023 ወደ 12 ሳንቲም ከፍ ብሏል። በዚህ ውስጥ የዘፋኙና የአሳታሚው ድርሻ የለም።

እንግዲህ አዲስ የወጣ የአሜሪካ ዘፈን በ10 ሳንቲም የሚሸጥ ገጽ ለደራሲው ብቻ እንኳ ቢከፍል ኪሳራ ላይ ነው። ሰርቨሩን፣ የካርድ ኩባንያውን ኮሚሽንና የራሱን ትርፍ ከየት ያመጣል? መልሱ ቀላል ነው፤ ለባለቤቱ አይከፍልም። ቅናሽ ሌላ ነገር ነው። አንድ መደብር ለሳምንት ያህል አንዳንድ አልበሞችን በግማሽ ዋጋ ሊሸጥ ይችላል። ዓመቱን ሙሉ፣ ሁሉንም ዘፋኝ፣ አዲሱንም አሮጌውንም በአንድ ዓይነት የሳንቲም ዋጋ የሚሸጥ ከሆነ ግን ያ ቅናሽ አይባልም።

ከሩሲያው ገጽ የሚገኘው ትምህርት

እነዚህ ገጾች "ፈቃድ አለን" ሲሉ ምን ማለታቸው እንደሆነ ለመረዳት የኦልኦፍኤምፒ3ን ጉዳይ ማወቅ ይጠቅማል። ገጹ መቀመጫው ሞስኮ ነበር። ዘፈኑን የሚሸጠው በፍሬ ሳይሆን በሜጋባይት ስለነበር ሙሉ አልበም ከ1 እስከ 2 ዶላር ገደማ ይወጣ ነበር። ፈቃዱን ያገኘሁት ሮምስ ከተባለ የሩሲያ የሮያሊቲ ሰብሳቢ ድርጅት ነው ይል ነበር። የወቅቱ የሩሲያ ሕግ እንዲህ ያለ ድርጅት አባሉ ባልሆኑ ባለመብቶች ስምም ፈቃድ እንዲሰጥ ቀዳዳ ትቶ ነበርና። አሳታሚዎቹ ግን ሮምስን አልወከልነውም፣ ገንዘብም አልተቀበልንም አሉ።

ከዚያ የሆነውን በቅደም ተከተል እንመልከት። እ.ኤ.አ. በ2006 ቪዛና ማስተርካርድ ለገጹ ክፍያ ማስተላለፍ አቆሙ። በዚያው ዓመት የዴንማርክ ፍርድ ቤት አንድ የኢንተርኔት አቅራቢ ገጹን እንዲዘጋ አዘዘ፤ አሜሪካና ሩሲያ ስለ ዓለም ንግድ ድርጅት ሲደራደሩም የገጹ መዘጋት በስምምነታቸው ገባ። በ2007 ክረምት ገጹ ተዘጋ። በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ ደግሞ የሞስኮ ፍርድ ቤት የቀድሞውን ኃላፊ ከወንጀል ክስ ነጻ አደረገው።

ብዙ ሰው ከታሪኩ የመጨረሻዋን ነጥብ ብቻ ይዞ "ሕጋዊ ነበር" ይላል። የሻጩ ሥራ በሻጩ አገር አለመቀጣቱ የገዢውን አገር ሕግ አይለውጠውም። ገጹ ራሱም ተጠቃሚው የአገሩን ሕግ እንዲያጣራና ኃላፊነቱን እንዲወስድ የሚል ማሳሰቢያ ነበረው። ዛሬ ያሉ ርካሽ ገጾችም ይህንኑ ዓረፍተ ነገር ከታች፣ በደቃቅ ፊደል ይጽፉታል። እሱን ካዩ ሻጩ ራሱ በፈቃዱ እንደማይተማመን ይወቁ።

የእኛ ሕግ የሚለው

መነሻው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ነው፤ በአዋጅ ቁጥር 872/2007 ተሻሽሏል። ለተራ አድማጭ የሚጠቅሙት ነጥቦች እነዚህ ናቸው።

አንድ ግለሰብ ለራሱ የግል ጥቅም ብቻ ከታተመ ሥራ አንድ ቅጂ ቢያዘጋጅ ባለመብቱ ሊከለክለው እንደማይችል አዋጁ ይፈቅዳል። "አንድ ቅጂ" እና "ለግል" የሚሉት ቃላት ግን በጣም ጠባብ ናቸው። የወረደውን ዘፈን ለሃያ ሰው በቴሌግራም መላክ፣ በሱቅ ለደንበኛ ፍላሽ መጫን፣ በካፌ ወይም በሆቴል ከፍቶ እንግዳ ማስተናገድ ከዚህ ውጭ ነው። መብትን ሆን ብሎ መጣስ በፍትሐ ብሔር ካሳ፣ በወንጀልም እስራት ያስከትላል። የድምፅ ቅጂና የከዋኝ (የዘፋኙና የተጫዋቹ) መብት ለ50 ዓመት ይጠበቃል፤ የደራሲው መብት ደግሞ በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ 50 ዓመት።

ቀጥሎ ያለውን ብዙ ሰው አያውቀውም። አዋጁ በቀጥታ የሚጠብቀው በዋናነት የኢትዮጵያውያንን ወይም በኢትዮጵያ የሚኖሩ ደራሲያንን ሥራ፣ በኢትዮጵያ መጀመሪያ የታተሙ ሥራዎችን፣ እንዲሁም አገሪቱ በገባችበት ዓለም አቀፍ ስምምነት የሚጠበቁትን ነው። ኢትዮጵያ ደግሞ አገሮች አንዱ የሌላውን ደራሲያን ሥራ ከሚጠብቁበት የበርን ስምምነት ለረጅም ዓመታት ውጭ ሆና ቆይታለች። ስለዚህ በተግባር የውጭው ዘፈን እዚህ ያለው ጥበቃ ከአገር ውስጡ የሳሳ ነው። ከዚህ ተነስተው "የውጭ ገጽ ነው፣ ማን ይጠይቀኛል" የሚሉ ሰዎች በዚያው ገጽ ላይ የኦሮምኛና የአማርኛ አልበም ሲያገኙ ያንንም ይገዛሉ። ሕጉ ከሁሉ በላይ የሚጠብቀው ይህንኑ ነው። የአገር ልጅ ሥራ ከውጭ ርካሽ ገጽ መግዛት በሕግም በህሊናም ከሁሉ የከፋው ምርጫ ነው።

ለትምህርት ወደ አውሮፓ የሚሄዱ የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አንድ ነገር ይያዙ። ቶረንት የሚባለው የማውረጃ ዘዴ ፋይሉን እያወረደ በዚያው ቅጽበት ለሌሎች ያካፍላል፤ ስለዚህ እርስዎ አውራጅ ብቻ ሳይሆኑ አሰራጭም ነዎት። በጀርመን ለዚህ ብቻ ከጠበቃ ቤት የገንዘብ መጠየቂያ ደብዳቤ ይመጣል።

ካርዱ፣ ቀሪ ሂሳቡ፣ ስልኩ

ርካሽ ገጾች አንድ ዘፈን ብቻ በ10 ሳንቲም ገዝተው እንዲወጡ አይተዉዎትም። መጀመሪያ ሂሳብ እንዲሞሉ ያደርጋሉ፤ ብዙውን ጊዜ ቢያንስ 10፣ 20 ወይም 25 ዶላር፤ "50 ከሞሉ 20 እንመርቃለን" እያሉ። አደጋው ከዚህ ይጀምራል። የካርድ ኩባንያ ሲያቋርጣቸው ወይም ስማቸውን ቀይረው በሌላ አድራሻ ሲመጡ ቀሪ ሂሳብዎን የሚጠይቁት ሰው የለም። ተመላሽ የሚባል ነገርም የለም።

ሁለተኛው ካርዱ የማን ነው የሚለው ነው። በብር የሚሠራው ተራ የባንክ ካርድ እዚህ ገጽ ላይ በአብዛኛው አይሠራም። የውጭ ምንዛሪ ሂሳብ የሌለው ሰው ውጭ ያለ ዘመዱን ካርድ ይለምናል። የወንድምዎን ወይም የአክስትዎን የካርድ ቁጥር፣ የማብቂያ ቀንና ከጀርባ ያሉትን 3 ቁጥሮች የቅጂ መብት ለማያከብር ድርጅት እየሰጡ ነው፤ ለሰው ሥራ የማይጠነቀቅ ለካርድ ቁጥርም አይጠነቀቅም። ዶላሩ ደግሞ ከሐምሌ 2016 ወዲህ በገበያ የሚወሰን ስለሆነ "20 ዶላር ብቻ" የምትለዋ በብር ስትመታ ቀላል አይደለችም።

ከፍሎ አለመግዛትም ብቻውን አያድንም። ነጻ ማውረጃ ገጾች ትርፋቸው ከማስታወቂያ ነው። አንዱ ገጽ ላይ አራት "ዳውንሎድ" የሚል አዝራር ካለ ሦስቱ ዘፈን አይደሉም። የሚወርደው ነገር ስም መጨረሻ ላይ ያለውን ይመልከቱ። ኤምፒ3፣ ኤም4ኤ ወይም ፍላክ ከሆነ የድምፅ ፋይል ነው። ኤፒኬ ከሆነ መተግበሪያ ነው፤ ኢኤክስኢ ከሆነ የኮምፒውተር ፕሮግራም ነው፤ ዚፕ ከሆነ ውስጡ ምን እንዳለ አይታወቅም። ዘፈን ለመስማት ኤፒኬ መጫን አያስፈልግም። በተለይ ኤስኤምኤስ የማንበብ ወይም "አክሰሲቢሊቲ" የሚባለውን፣ ማያ ገጽዎን አንብቦ በእርስዎ ፈንታ መጫን የሚያስችለውን፣ ፈቃድ ከጠየቀ ወዲያው ያጥፉት። የባንክና የቴሌብር የማረጋገጫ ቁጥር የሚመጣው በኤስኤምኤስ ነው።

"ሮቦት አለመሆንዎን ለማረጋገጥ አላው የሚለውን ይጫኑ" የሚል ገጽ ደግሞ ሮቦትን አያጣራም፤ ስልክዎ ላይ ማስታወቂያ የመላክ ፈቃድ እየወሰደ ነው። ከዚያ ወዲያ ማያ ገጹ ላይ "ስልክዎ በቫይረስ ተይዟል" የሚሉ መልእክቶች ይዘንባሉ። ፎርማት ማድረግ አያስፈልግም። ክሮም ላይ ሦስቱን ነጥብ፣ ከዚያ ሴቲንግስ፣ ሳይት ሴቲንግስ፣ ኖቲፊኬሽንስ ብለው የማያውቁትን ገጽ ሁሉ ይከልክሉ። ያበቃል።

ፍላሽ ቤት

ለዳታ የማይከፈልበት፣ ፈጣን፣ የሚፈልጉትን ዘፋኝ ስም ብቻ ተናግረው የሚወጡበት ነው። ባለሱቁ የሰፈሩን ጆሮ ያውቃል፤ የድሮ የኦሮምኛ ዘፈኖች ከማንኛውም መተግበሪያ ይልቅ እሱ ጋ ይገኛሉ። ይህን ሳንክድ፣ ባለሱቁ የሚሸጠው የራሱ ያልሆነ ቅጂ መሆኑን መደበቅ አይቻልም። የግል ቅጂ የሚለው ፈቃድ እሱን አይሸፍነውም፤ ዘፋኙም ከጫነው ሁሉ የሚያገኘው የለም።

ለአድማጩ ትልቁ አደጋ ቫይረስ ነው። ያ ኮምፒውተር በቀን የስንት ሰው ፍላሽ ይገባበታል? የተለመደው ሾርትከት ቫይረስ ፎልደሮችዎን ደብቆ በምትካቸው አቋራጭ ያስቀምጣል፤ አቋራጩን ሁለቴ ሲጫኑ ቫይረሱ ወደ እርስዎ ኮምፒውተር ይገባል። የመመረቂያ ጽሑፉን የያዘ ፍላሽ ይዞ ዘፈን ለማስጫን የሚሄድ ተማሪ ብዙ ነው። አያድርጉት። ለዘፈን ብቻ የሚሆን ባዶ ሚሞሪ ይያዙ።

ከተያዘ ግን ፋይሉ ጠፋ ብለው አይደንግጡ፤ አብዛኛውን ጊዜ ተደብቆ ነው ያለው።

1. አቋራጩን አይክፈቱ። ፍላሹን ጸረ ቫይረሱ የታደሰ ኮምፒውተር ላይ ይሰኩ።
2. በዊንዶውስ ቪው ውስጥ የተደበቁ ፋይሎች እንዲታዩ ያድርጉ፤ የተጠበቁ የሲስተም ፋይሎችን ደብቅ የሚለውንም ምልክት ያንሱ።
3. ስም የሌለው ፎልደር ካዩ ፋይሎችዎ እዚያ ውስጥ ሊሆኑ ይችላሉ። ሰነዶቹንና ዘፈኖቹን ብቻ ወደ ኮምፒውተሩ ይቅዱ፤ አቋራጮቹንና የማያውቋቸውን ፋይሎች ይተዉ።
4. ፍላሹን ፎርማት ያድርጉ፤ የቀዱትን በጸረ ቫይረስ አስፈትሸው ይመልሱ።

ለባጃጅና ለሚኒባስ ቴፕ ከሆነ ፎርማቱን ፋት32 ያድርጉት። ከ32 ጊጋባይት በላይ የሆኑ ካርዶች ከፋብሪካ ሲወጡ በኤክስፋት ስለሚመጡ ብዙ አሮጌ ቴፖች አያነቧቸውም፤ ባለቤቱ ካርዱ የተበላሸ ይመስለዋል። በአማርኛ ፊደል የተጻፈ የፋይል ስምም እነዚህ ቴፖች ላይ አራት ማዕዘን ሆኖ ይወጣል፤ ስሙን በላቲን መጻፍ ይፈታዋል።

ቴሌግራምና መለወጫ ገጾች

ቴሌግራም ላይ አልበም በወጣ ሰዓት ውስጥ ይገኛል፤ ለዚያ ነው የሚጎዳው። አልበም ገና ገንዘብ ሊያስገኝ በሚችልበት የመጀመሪያ ሳምንት ነው በነጻ የሚበተነው። የዘፋኙ የራሱ ቻናል ያወጣውን ማውረድ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ለማንኛውም የቴሌግራምን አውቶማቲክ ማውረድ በሞባይል ዳታ ይዝጉት፤ አለዚያ የማይሰሙት ዘፈን ሁሉ ፓኬጁን ይበላዋል።

የዩቲዩብ መለወጫ ገጾች የዩቲዩብን የአጠቃቀም ውል ይጥሳሉ። ከእነሱ ትልቁ የነበረው የጀርመኑ ዩቲዩብ-ኤምፒ3 እ.ኤ.አ. በ2016 ተከስሶ በ2017 ተዘጋ። ሌላ በሩሲያ የሚንቀሳቀስ ባለቤት የነበራቸው ሁለት ገጾች ላይ የአሜሪካ ፍርድ ቤት በ2022 የ82.9 ሚሊዮን ዶላር ካሳ ወስኗል። ስለዚህ ዛሬ የለመዱት ገጽ ነገ ላይኖር ይችላል፤ በቦታው የሚመጣው ተመሳሳይ ስም ያለው ገጽ ደግሞ የማን እንደሆነ አይታወቅም።

ጥራትም አለ። ዩቲዩብ ድምፁን የሚያቀርበው ብዙውን ጊዜ በሰከንድ በ128 ኪሎቢት አካባቢ ነው። መለወጫው "320" የሚል አማራጭ ሲሰጥዎት የጠፋውን አይመልሰውም፤ ቀጭኑን ድምፅ በትልቅ ዕቃ ውስጥ ያፈሰዋል። ርካሽ የሽያጭ ገጾችም ይህንኑ ያደርጋሉ። ለማጣራት ስፔክ የሚባለውን ነጻ ፕሮግራም ኮምፒውተር ላይ ይጫኑና ፋይሉን ይክፈቱበት። እውነተኛ 320 ምስሉ ወደ 20 ኪሎኸርዝ ይደርሳል፤ ከ128 የተነፋው 16 ኪሎኸርዝ ላይ በቢላ እንደተቆረጠ ያቆማል። በጂፓስ ሲከፈት ልዩነቱ በጸናጽልና በማሲንቆ ቀጭን ድምፅ ላይ ይሰማል።

ሕጋዊዎቹ

አውታር የተባለው የአገር ውስጥ የሙዚቃ መተግበሪያ በ2011 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ከመሥራቾቹ አንዱ የሙዚቃ አቀናባሪው ኤልያስ መልካ ነበር። ከአውታር በኋላ ሰዋሰው የተባለው መተግበሪያ መጥቷል። ሁለቱም ክፍያን በብር ያደረጉ ናቸው፤ ዶላርና የዘመድ ካርድ አያስፈልግም። ድክመታቸው ሁሉም ዘፈን አለመኖሩ ነው፤ በተለይ የድሮ ኦሮምኛ የሚሰሙ ከሆነ ከመክፈልዎ በፊት የሚፈልጓቸውን አምስት ስሞች ፈልገው ይዩ። መተግበሪያውን ከፕሌይ ስቶር ብቻ ያውርዱ፤ በቴሌግራም በኤፒኬ የሚዞረውን አይንኩ።

ገንዘብ ከሌለዎት የዘፋኙ ወይም የአሳታሚው ይፋዊ የዩቲዩብ ቻናል ይሻላል። በነጻ ይሰማሉ፣ ባለቤቱም ከማስታወቂያው ድርሻ ሊያገኝ ይችላል። ሌላ ሰው መልሶ በጫነው ቻናል ከሰሙ ግን ያ ድርሻ ላይደርሰው ይችላል፤ ስሙን አጣርተው ይክፈቱ።

በውጭ አገር አሳታሚ እንደገና ለወጣ የድሮ የኢትዮጵያ ሙዚቃ ባንድካምፕ የሚባለው የኢንተርኔት መደብር ጥሩ ነው። ለምሳሌ የኪቦርድ ተጫዋቹ የኃይሉ መርጊያ የቀድሞ ቅጂዎች ኦውሰም ቴፕስ ፍሮም አፍሪካ በተባለ የአሜሪካ አሳታሚ በኩል እዚያ ይሸጣሉ። መደብሩ ከዲጂታል ሽያጭ 15 በመቶ ይወስዳል፤ የቀረው የክፍያ ወጪ ተቀንሶለት ለሻጩ ነው። ፍላክም ኤምፒ3ም ማውረድ ይቻላል፣ ፋይሉ የእርስዎ ሆኖ ይቀራል። ዘመድ ካርድ የሚያበድርዎት ከሆነ እዚህ ይሁን፤ ቁጥሩን እሱ ራሱ ያስገባና ፋይሉን ይላክልዎ።

የዳታ ሂሳብ

በ320 ኪሎቢት የ4 ደቂቃ ዘፈን 9.6 ሜጋባይት ነው፤ በ128 ደግሞ 3.8 ገደማ። 12 ዘፈን ያለው አልበም በ320 ወደ 115 ሜጋባይት ይፈጃል። አንድን ዘፈን በ160 ኪሎቢት በቀጥታ 30 ጊዜ ቢሰሙ 144 ሜጋባይት ይሄዳል፤ አንዴ አውርደው ቢሰሙት 9.6 ብቻ። ስለዚህ የሚደጋግሙትን በመተግበሪያው ውስጥ ያውርዱ፣ አዲስ የሚሞክሩትን በቀጥታ ይስሙ። ወደ ሊሙ ወይም ጎማ ገጠር ወጥቶ ኔትወርክ የሚያጣ ሰው ከመውጣቱ በፊት ዋይፋይ ባለበት ያውርድ፤ ከመስመር ውጭ እንደሚሠራም ዳታውን አጥፍቶ አንዴ ይሞክረው።

ለየትኛው ሰው የትኛው

በአብዛኛው የአገር ውስጥ ዘፈን የሚሰማ ሰው የአገር ውስጥ መተግበሪያ ይያዝ፤ ለጎደለው ይፋዊውን ዩቲዩብ። የውጭ ዘፈን ወዳድና ካርድ የሌለው በነጻ በማስታወቂያ ይስማ፤ ሊከፍል ከፈለገ የታወቀ መደብር በዘመድ በኩል። የባጃጅ ሹፌር የራሱን በሕጋዊ መንገድ የገዛውን በፋት32 ሚሞሪ ይጫን። ካፌና ሆቴል ያለው ሰው "ለግል" የሚለው ፈቃድ እንደማይመለከተው አውቆ ስለ ፈቃድና ክፍያ የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣንን ይጠይቅ። ርካሹን የውጭ ገጽ ለማንም አንመክርም። ገንዘብ ሳያወጡ በሕጋዊ መንገድ መስማት እየተቻለ፣ ከፍሎ ባለቤቱን ባዶ እጁን ማስቀረት ለእኛ ትርጉም የለውም።

አስቀድመው ካርድ አስገብተው ከሆነ ዛሬውኑ እነዚህን ያድርጉ። የቀረውን ሂሳብ ለማዳን ብለው ተጨማሪ አይሙሉ። የካርዱ ባለቤት ባንኩን ደውሎ ካርዱን አዘግቶ አዲስ ቁጥር ያውጣ፤ ገጹ ላይ ካርዱን መሰረዝ ብቻውን አይበቃም። የሦስት ወር የሂሳብ መግለጫ አውጥቶ ትንንሽ የማይታወቁ ክፍያዎችን ይፈልግ፤ ሌቦች ብዙ ጊዜ በ1 ዶላር ሞክረው ነው ትልቁን የሚከተሉት። በዚያ ገጽ የተጠቀሙበትን የይለፍ ቃል ኢሜይልዎ ወይም ቴሌግራምዎ ላይም ተጠቅመውበት ከሆነ መጀመሪያ የኢሜይሉን ይቀይሩ።